በመጻጉዕ ሰሞን የተዘጋ መንገድ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ይህ የዐቢይ ጾም አራተኛ ሰንበት መጻጉዕ ይባላል። የሚነበበው ወንጌል በኢየሩሳሌም በበጎች በር አጠገብ፣ ቤተ ሳይዳ በምትባል መጠመቂያ ዳር ሠላሳ ስምንት ዓመት ስለ ታመመው ሰው ይናገራል (ዮሐ. 5፥1-9)። ጌታችን ሊድን ይወድ እንደሆነ በጠየቀው ጊዜ ሕመምተኛው ስለ በሽታው አላወራም። ስለ እግሩ፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ አልጋው አንድ ነገር አልተናገረም። ያዋየው ውኃው ሲናወጥ አንሥቶ የሚያስገባው ሰው ማጣቱን ነው። ያን ያህል ዘመን የኖረ ደዌ እያለበት ከደዌው ይልቅ የከፋበት ሰው ማጣቱ ነበር። እስቲ ይህን ልብ በሉልኝ።

በዚህ ሰንበት ብዙ ጊዜ የምንሰማው ትምህርት ሕሙማንን ስለ መጠየቅ ነው። እኔም ስለዚያው ነው የምጽፈው። ነገር ግን መጠየቅ ራሱ በተከለከለበት ጊዜ ስለ ሆነው ነው። ያ ጊዜ አለፈ እንላለን እንጂ በብዙዎቻችን ቤት ገና አላለፈም። ለምን አላለፈም እንደምል ወደ ኋላ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

ወደ 2012 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም ልመልሳችሁ። ጾሙ የካቲት 16 ቀን ሲገባ ኮሮና ለብዙዎቻችን የሩቅ ሀገር ወሬ ነበር። መጋቢት 2 ቀን (እ.ኤ.አ. ማርች 11 ቀን 2020) የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ተናገረ። መጋቢት 4 ቀን በአሜሪካ ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ታወጀ፤ በዚያችው ዕለት በሀገራችን በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ታማሚ መገኘቱ ተሰማ። በዚያችው ዕለት ደግሞ በመላው አሜሪካ ያሉ የአረጋውያን መጦሪያ ቤቶች ጠያቂ እንዳያስገቡ ተነገራቸው። የመጻጉዕ ሰንበት የዋለው መቼ ነው? መጋቢት 6 ቀን! ሰው ስለ ማጣት የሚናገረው ወንጌል በተነበበበት ሰንበት በሺህ የሚቆጠሩ አረጋውያን ሰው የማይገባበት ክፍል ውስጥ ተኝተው ነበር። ይህን ቀን መቁጠሪያ ገልጬ ሳስተያይ ሰውነቴን ነው የወረረኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታስታውሳላችሁ። የገብር ኄር ማግስት፣ ሰኞ መጋቢት 21 ቀን፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ዋሽንግተን ዲሲም ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ የሚለውን ትእዛዝ በአንድ ቀን አስታወቁ። ሆሣዕናን ያለ ዘንባባ፣ ስቅለትን ያለ ስግደት ሰልፍ፣ ሚያዝያ 11 ቀን ደግሞ ትንሣኤን በስልክና በቴሌቪዥን መስኮት አከበርን። በሀገር ቤትም እንዲሁ ነበር፤ ምእመናን በየቤታቸው እንዲጸልዩ ተደረገ፣ አንዳንድ ክልሎች ከክልል ክልል የሚሄደውን የሕዝብ ማመላለሻ አገዱ። አክፋዩን ይዞ ወላጆቹ ዘንድ ለመግባት የለመደ ስንቱ ሰው ባለበት ቀረ!

አሜሪካ የምንኖረው ደግሞ አንድ ሀገር ውስጥ ያለን መስሎን ነበር። ሃምሳ ደጃፍ ያለው ቤት መሆኑ የገባን ያን ጊዜ ነው። በመጋቢት መጨረሻ ሮድ አይላንድ የኒውዮርክ ታርጋ ያለውን መኪና ፖሊስ እያስቆመ ይጠይቅ ነበር። ሃዋይ የሚገባ ሁሉ 14 ቀን ራሱን ለይቶ እንዲቆይ አዘዘች። ከሰኔ ጀምሮ ኒውዮርክ፣ ኒውጀርሲና ኮነቲከት በሽታው ከበዛባቸው ስቴቶች የሚመጣውን ሰው ለ14 ቀን ወሸባ እንዲገባ አደረጉ። ዲሲም ሐምሌ 20 ቀን ይህንኑ ሥራ ላይ አዋለች፤ የጎረቤቶቿን የሜሪላንድንና የቨርጂኒያን ሰዎች ግን ተወቻቸው። ዝርዝሩም በየጊዜው ይለዋወጥ ነበር። ዛሬ የተፈቀደለት ስቴት ከጥቂት ቀን በኋላ ከተከለከሉት ጋር ይቆጠራል።

የኛ ሰው ኑሮ ደግሞ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እናት ሜሪላንድ፣ ታላቅ ልጅ አትላንታ፣ ታናሽ ኮሎምበስ፣ ሴቷ ልጅ ሲያትል። ከአትላንታ ሜሪላንድ በመኪና አሥር ሰዓት ያህል ነው፤ ጆርጂያን፣ ሁለቱን ካሮላይናዎች፣ ቨርጂኒያን አልፎ ነው ሰው እናቱ ዘንድ የሚደርሰው። በደኅና ቀን ይህ መንገድ ቡና እየጠጡ የሚነዱት ነበር። በዚያ ዓመት ግን በያንዳንዱ ወሰን ላይ ኅሊና ቆሞ የሚጠይቅ ሆነ።

መለየት ሁሉ ጥላቻ ነውን?

ያን ጊዜ በየቤቱ ሁለት ወገን ነበር። አንዱ ወገን "እናት ታማ ልጅ ካልደረሰ ክርስትናችን ምን ላይ ነው? ጌታ በመጨረሻው ቀን የሚጠይቀን ታምሞ ስለ መጠየቁ አይደለም ወይ?" ይላል። እውነት ነው፤ ማቴዎስ ምዕራፍ 25 ይህንን ያስተምራል። ሌላው ወገን "መንግሥት ከልክሏል፣ ሐኪም ከልክሏል፣ ገዳይ ሆኜ ልሂድ?" ይላል። ይህም እውነት ነው። ሁለት እውነት ሲጋጭ የሚጎዳው በመካከል ያለችው እናት ናት።

መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ ነገር ዝም አላለም። ከዘመድ ጥየቃ ሁሉ የከበረው እመቤታችን ወደ ኤልሳቤጥ የሄደችበት ነው (ሉቃ. 1፥39-56)። በተራራማው ሀገር ፈጥና ሄደች፣ ሦስት ወር ያህል ተቀመጠች። ስለዚህ ዘመድን ለመጠየቅ መገስገስ ቅዱስ ነገር ነው፤ ማንም እንደ ትርፍ ነገር አይቁጠረው። ነገር ግን ወንጌላዊው ምን ብሎ እንደሚተርክ አስተውሉ። ለኤልሳቤጥ አስቀድሞ የደረሳት የሰላምታዋ ድምፅ ነው። ፅንሱ በማኅፀን የዘለለው ድምፁን ሰምቶ ነው። እመቤታችን ወደዚያ ቤት ይዛ የገባችው ሕይወትን ነው። በ2020 ግን ሰው ወደ እናቱ ቤት ይዞ የሚገባውን አያውቅም ነበር። በሽታው ምልክት ሳያሳይ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ምልክቱም እስኪታይ ከሁለት እስከ አሥራ አራት ቀን ሊወስድ ይችላል። እጁን የታጠበ፣ ትኩሳት የሌለው፣ ሳቅ ብሎ የገባ ልጅ ሊሆን ይችላል የሚያመጣው።

ድምፅ ካልሁ ዘንድ ሌላም ልጨምር። ልጁ በቅፍርናሆም የታመመበት ሹም ጌታችንን ወደ ቤቱ እንዲወርድለት ለመነው (ዮሐ. 4፥46-54)። ጌታችን ግን አልወረደም። በቃና ሳለ ተናገረ፣ ልጁም በቅፍርናሆም ዳነ። አባትየው በማግስቱ ባሮቹን መንገድ ላይ አግኝቶ ሰዓቱን ጠይቆ ነው ያመሳከረው፤ ጌታ በተናገረበት ሰዓት ትኩሳቱ ለቆት ነበር። መድኃኔዓለም ቦታ የማይወስነው አምላክ ስለሆነ ይህን አደረገ፤ እኛ እንዲህ ማድረግ አንችልም። ነገር ግን በሩቅ ሆኖ የሚጸለይ ጸሎት ባዶ እንዳልሆነ ከዚህ እንማራለን። ዲያቆኑ በቅዳሴ ስለ ሕሙማን ሲያሳስብ የሕመምተኛው አልጋ በየትኛው ስቴት እንዳለ አይጠይቅም። ስለ መንገደኞችም እንዲሁ እንማልዳለን። ቤተ ክርስቲያን ለሄደውም ላልሄደውም ጸሎት አላት ማለት ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም የተሰሎንቄን ሰዎች ሊያይ ናፍቆ አንድ ሁለት ጊዜ ሞክሮ መንገዱ ተሰናክሎበታል (1ኛ ተሰ. 2፥17-18)። ፊታቸውን ባያይም በልቡ እንዳልተለያቸው ጻፈላቸው። ከዚያ ምን አደረገ? ጢሞቴዎስን ላከ፣ መልእክት ላከ። መሄድ ያልቻለ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካኝ ታሪክ ልንገራችሁ። በኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 12 የሙሴ እኅት ማርያም ለምጽ ወጥቶባት ከሰፈሩ ውጪ ሰባት ቀን ተለይታ ተቀምጣለች። ይህን ስንሰማ ብዙዎቻችን የምናስበው መባረሯን ነው። ግን መጨረሻውን አንብቡት። ማርያም እስክትመለስ ድረስ ሕዝቡ ከቦታው አልተነሣም! ያ ሁሉ ሕዝብ፣ ያ ሁሉ ከብት፣ ድንኳኑን ሳይነቅል አንዲት ሴት ጠበቀ። ወሸባ ማለት እንዲህ ነው። ሰው ይለያል፣ ግን ይጠበቃል። በእርግጥ የማርያም ለምጽ ስለ ሐሜቷ የመጣ ቅጣት ነበር፤ ኮሮና የያዘው ሁሉ ኃጢአተኛ ነው ለማለት ይህን የሚጠቅስ ቢኖር ግን ዮሐንስ ምዕራፍ 9ን ያንብብ።

ኳራንቲን የሚለው ቃል ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ አርባ ከሚለው ቁጥር። በመካከለኛው ዘመን ቸነፈር ሲነሣ ራጉዛ የምትባለው የወደብ ከተማ በ1377 እ.ኤ.አ. እንግዳውን ሠላሳ ቀን ለይታ ታስቀምጥ ጀመር፤ ኋላ ቬኒስን በመሳሰሉ ከተሞች አርባ ቀን ሆነ። ለምን አርባ? ጌታችን ከጾመው ቁጥር የተወሰደ ነው የሚሉ አሉ። ጌታችን በገዳመ ቆሮንቶስ ከሰው ተለይቶ አርባ ቀን የጾመው ሰውን ጠልቶ አይደለም፤ ስለ ሰው ብሎ ነው። ለሰው ብሎ ከሰው መለየት አለ። ይህን ለእኛ ለጾመኞች ማስረዳት የሚያስቸግር አይመስለኝም።

በሽታ ይተላለፋል ብሎ መጠንቀቅም የፈረንጅ ፈሊጥ አይደለም። በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ባጠቃ ጊዜ የሆነውን ከአባቶቻችን ሰምተናል፤ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ጠርገን የምናጤሰው እስከ ዛሬ ድረስ ያንን እያሰብን ነው።

"እምነት የለህም ወይ?"

ይህችን ቃል በዚያ ዘመን ያልሰማ የለም። ጭምብል ያደረገውን፣ አልሄድም ያለውን ሰው "እምነት የለህም ወይ? ጠበሉ አለ፣ ቅባ ቅዱሱ አለ" ይሉታል። ጠበልንስ እናምናለን። ነገር ግን በዚሁ በምንጾመው በአርባው ቀን ዲያብሎስ ጌታችንን ምን ብሎ እንደፈተነው አንርሳ (ማቴ. 4፥5-7)። በቤተ መቅደሱ ጫፍ አቁሞ ራሱን እንዲወረውር ሲነግረው መዝሙረ ዳዊትን እየጠቀሰ ነው፤ መላእክት ይይዙሃል እያለ። ጌታችንም አምላክን መፈታተን እንደማይገባ መለሰለት። የራሱን ነፍስ የሚወረውር ፈታኝ ከሆነ የእናቱን ነፍስ የሚወረውርስ? ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብርና መድኃኒትን የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። ጠበል የሚጠጣ ሰው ሐኪምም ይሰማል፤ ሁለቱ አይጣሉም።

ከዚህ የባሰም ነበር። አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሙቀት እንዳይታይበት ታይሌኖል ውጦ የሚሳፈር ሰው ነበረ። እያሳለው "የጉሮሮ ድርቀት ነው" ብሎ የሚገባ ነበረ። ይህ ድፍረትም እምነትም አይደለም። ውሸት ነው። ባልንጀራችን ላይ የምንዋሸው ውሸት ከሁሉ የከፋ የሚሆነው ባልንጀራው የሰማንያ ዓመት እናት ስትሆን ነው።

ሌላውን ወገንም ዝም አልለውም። ኮሮና ለስንቱ ስንፍና መሸፈኛ ሆኗል! ትእዛዙ የከለከለው ወሰን መሻገርን ነው፤ ስልክ መደወልን አልከለከለም። ወር ሙሉ ሳይደውል ኖሮ "ምን ላድርግ፣ ተዘግቶ ነው እኮ" የሚል ሰው መንገዱ ባይዘጋም ኖሮ አይሄድም ነበር። ፈሪሳውያን ለእግዚአብሔር ሰጥተነዋል በሚል ምክንያት ወላጅን መርዳት እንደ ተዉት ሁሉ (ማር. 7፥10-13) እኛም በሕግ ምክንያት ወላጅን ልንተው እንችላለን።

ስለዚህ የዚያን ጊዜ መሄድም አለመሄድም በራሱ ኃጢአት ወይም ጽድቅ ነበር ብዬ አልፈርድም። ጥያቄው ለማን ብለህ ሄድህ፣ ለማን ብለህ ቀረህ የሚለው ነው። "ሰው ምን ይለኛል" ብሎ የሄደ አለ። የገዛ ናፍቆቱ ስላስጨነቀው ብቻ የሄደ አለ። የእናቱ ነርስ ሥራ አቁማ፣ የሚያጥባት ጠፍቶ፣ አሥራ አራት ቀን ምድር ቤት ተለይቶ ቆይቶ ከዚያ በኋላ ወደ እናቱ የወጣም አለ። ይህ የኋለኛው ትእዛዙንም እናቱንም አከበረ።

ሁለት ቤት

እኔ ካህን ስላልሆንሁ ኑዛዜ አልሰማም። አሁን የምነግራችሁ በለቅሶ ቤትና በጽዋ ማኅበር ሰዎች ራሳቸው ያወሩትን ነው፤ ማንነታቸው እንዳይታወቅም የሚያስለየውን ትቻለሁ።

በአንደኛው ቤት እናት ከሴት ልጃቸው ጋር ሜሪላንድ ይኖሩ ነበር። ስኳርና የደም ግፊት ነበረባቸው። ወንዱ ልጅ ጆርጂያ ነው። ጊዜው እ.ኤ.አ. በ2020 የታንክስጊቪንግ ሰሞን ነው። (በዓሉ በዚያ ዓመት የዋለው በጾመ ነቢያት ሦስተኛ ቀን ነበር፤ እሱን ጉዳይ ሌላ ጊዜ እንነጋገርበታለን።) የሀገሪቱ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ከበዓሉ አንድ ሳምንት በፊት ሰው እንዳይጓዝ መክሮ ነበር። ልጁ ግን ስምንት ወር በስልክ ብቻ ነው እናቱን ያያቸው። እርሳቸውም "አንድ ጊዜ ዓይንህን ልየውና ልሙት" ብለውታል። ምንም አላመመውም። ሌሊቱን ነድቶ ገባ፣ ሁለት ቀን አድሮ ተመለሰ። በሳምንቱ እናት ማሳል ጀመሩ፣ ሆስፒታል ገቡ፣ ወሩ ሳይሞላ ዐረፉ። የተሰናበቷቸው ነርሷ በያዘችው ስልክ ነው። እኅቱ በቀብሩ ማግስት "እማዬን የገደልክ አንተ ነህ" አለችው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ሁለቱ አይነጋገሩም። እርሱም እርሷም ይጾማሉ፣ ያስቀድሳሉ። የእናታቸውን ተዝካር እንኳ ለየብቻ ነው ያወጡት፤ እርሱ በአትላንታ፣ እርሷ በሜሪላንድ።

በሁለተኛው ቤት አባት ዳላስ፣ ልጅ ሚኒሶታ ነው። አባት በ2012 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ታመሙ። ልጁ ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሄዶ ቢመለስ ወሸባ የሚገባበት ሌላ ክፍል የለውም። አልሄደም። በየቀኑ ጠዋትና ማታ ይደውላል፣ ውዳሴ ማርያሙን በስልክ ከአባቱ ጋር ያደርሳል። አባት ዐረፉ። ቀብሩ ላይ የቆሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ልጁ ያየው ሌላ ሰው በያዘው ስልክ ነው። በዓመቱ ሙት ዓመት ሲወጣ ሄደ። አንድ ዘመድ እጁን ሳይጨብጠው "ያባቱን አፈር ያላለበሰ" ብሎ ጮክ ብሎ ተናገረ። ልጁ ሰምቷል። አልመለሰም። ግን ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት የሚባል ነገር አይገባም፤ ቤተ ክርስቲያንም ሲመጣ ከኋላ ቆሞ ሳይሰናበት ነው የሚወጣው።

ወንድሜ ሆይ፣ አንተ የሄድከው፣ አንድ ነገር ልበልህ። በዚያ ቤት በሽታው በማን በኩል እንደገባ ማን ያውቃል? እኅትህ እንደ ብዙዎቹ እኅቶቻችን የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ትሠራ ነበር። ምግብ ያመጣ ሰው ነበረ። ያን ጊዜ ሐኪሞቹም ቢሆኑ በሽታው በዚህ በር ገባ ብለው በእርግጠኝነት መናገር አይችሉም ነበር። ይህን የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ምክር ሰምተህ ችላ ብለህ ከሆነ ችላ ማለትህን ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፤ እርሱ ያንተ ነው፣ ቀኖናውን ተቀበልበት። የእናትህን ሞት ግን እንደ ነፍሰ ገዳይ ተሸክመህ አትኑር፤ ማንም ዳኛ ያልፈረደብህን በራስህ ላይ አትፍረድ። ይሁዳ የጠፋው በደሉን በማወቁ አልነበረም፤ ጴጥሮስም በደሉን አውቋል።

እኅቴ ሆይ፣ አንቺስ? ያን ቃል የተናገርሽው ለቅሶ ሳይወጣልሽ፣ ሰው ሳያጽናናሽ፣ ብቻሽን ቤት ተዘግቶብሽ ሳለ ነው። ሐዘን ያለ አልቃሽ ሲቀር ወደ ቁጣ ይለወጣል። ከዚህም በላይ እንዲህ ያለ ጥርጣሬ አለ፤ "እኔ ከሥራ ይዤው መጥቼ ቢሆንስ?" የሚል። ሰው ይህን ጥርጣሬ መሸከም ሲያቅተው ሁሉን ጠቅልሎ በወንድሙ ጀርባ ላይ ይጥለዋል። እኔ ልብሽን አላውቅም፤ አንቺ ራስሽ መርምሪው።

አንተ ያልሄድከው ደግሞ የአልዓዛርን ታሪክ አስብ (ዮሐ. ምዕ. 11)። ጌታችን አልዓዛርን ይወደው ነበር፤ መታመሙንም ሰምቶ በነበረበት ስፍራ ሁለት ቀን ቆየ። በደረሰ ጊዜ ማርታም ማርያምም የነገሩት አንድ ነገር ነው፤ በዚህ ኖሮ ቢሆን ወንድማቸው ባልሞተም ነበር አሉት። በስተመጨረሻ የመጣ ሰው ይህን ቃል ይሰማል። ጌታችን እንኳ ሰምቶታል። አልተቆጣቸውም፤ አብሯቸው አለቀሰ እንጂ። ለእርሱ መዘግየቱ አልዓዛርን ሊያስነሣ ነው፤ ያንተ እንዲያ አይደለም፣ አውቃለሁ። ሆኖም የዘገየ ሁሉ ያልወደደ አይደለም። በየማታው በስልክ ያደረስከው ውዳሴ ማርያም አባትህ ጆሮ ውስጥ ገብቷል፤ አፈር ከማልበስ አያንስም።

ያቺን ቃል የተናገርክ ዘመድስ? አንተን ረጅም አልናገርህም። ለቅሶ ቤት የምንሄደው ለማጽናናት ነው። "ያባቱን አፈር ያላለበሰ" የሚለውን ቃል ተናግረህ አንድ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንዲሸሽ አድርገሃል። የጾም ፍሬህን ስትቆጥር ይህንንም ቁጠረው።

አሁንስ ማን ከለከለ?

የዓለም ጤና ድርጅት አስቸኳይ ሁኔታው ማብቃቱን እ.ኤ.አ. ሜይ 5 ቀን 2023 አስታውቋል። በዚህ ሀገር ብቻ ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በዚህ በሽታ ሞቷል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ዛሬ በቨርጂኒያ ወሰን ላይ የሚያስቆምህ የለም። ታርጋህን አይቶ ከየት መጣህ የሚልህ የለም። ሰው ግን አሁንም አልሄደም! ያን ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ልቡ ክፍት ነበር፤ አሁን መንገዱ ተከፍቶ ልቡ ተዘጋ። በአንድ ስቴትና በሌላው ስቴት መካከል የቆመው ኬላ የገዢው ትእዛዝ ሳይሆን ያቺ በቀብሩ ማግስት የተነገረች ቃል ናት።

ጌታችን በተራራው ስብከቱ መባውን ይዞ ወደ መሠዊያው ለመጣ ሰው ምን እንዳዘዘ አስታውሱ (ማቴ. 5፥23-24)። ወንድሙ የተቀየመበት መሆኑ ትዝ ካለው መባውን እዚያው ትቶ አስቀድሞ ሄዶ ይታረቅ፤ ከዚያ መጥቶ ያቅርብ አለ። ይህ የመንገድ ትእዛዝ ነው። ሰውየው ከመሠዊያው ፊት ተነሥቶ መሄድ አለበት፤ ወንድሙ የት ሀገር እንዳለ፣ መንገዱ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አልተጻፈም። ነቢዩ ኢሳይያስም በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የሚወደውን ጾም ሲዘረዝር እንጀራን ለተራበ ከመቁረስ ጋር አያይዞ ከሥጋ ዘመድ ፊትን አለመመለስን አስቀምጧል። እኛ ከሥጋ እንጾማለን፣ ከሥጋ ዘመዳችን ግን ሸሽተን እንኖራለን። ይህ እንዴት ያለ ጾም ነው?

"እርሱ ይምጣ፣ ጥፋተኛው እርሱ ነው" ትሉ ይሆናል። ወንጌሉ ግን የተቀየመውን አይደለም የሚልከው፤ መባ ይዞ የቆመውን ነው። ዛሬ ይህን ጽሑፍ ይዘህ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የቆምከው አንተ ነህ።

በድንገት ሄዶ በር ማንኳኳት ከባድ ቢሆንባችሁ በስልክ ጀምሩ። ስልክ ሲነሣ ያለፈውን አታንሡ፤ "ለፋሲካ ልመጣ አስቤ ነው፣ ትፈቅጂልኛለሽ?" ማለት ይበቃል። ስልክ ካላነሣች የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ የእርሷም አጥቢያ ካህን አላቸው፣ ካህናት ተነጋግረው ያስታርቃሉ። በሀገራችን ሽማግሌ ሳይላክ የታረቀ ስንት ነው? በስቴት ስቴት መካከልም ሽማግሌ ይላካል። አንድ አገልጋይ ይህንን ለማድረግ ሦስት ሳምንት ደውሎ በአራተኛው ሲሳካለት አይቻለሁ፤ ስለዚህ በአንድ ቀን ካልሆነ ብላችሁ አትተዉት።

ከመነሣታችሁ በፊት ሳል ወይም ትኩሳት ካለባችሁ ሳትደብቁ ተናገሩና ቀኑን አስተላልፉት፤ ኮሮናውም ጉንፋኑም ዛሬም ሽማግሌና አሮጊት ላይ ይጨክናል። አረጋውያን ባሉበት ቤት ጭምብል መያዝም አያሳፍርም። ከሰሙነ ሕማማት በፊት የምትሄዱ ከሆነ የጾም ምግብ ይዛችሁ ግቡ፤ ድፎ ዳቦ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ሽሮ፣ እናንተ ታውቃላችሁ። ለፋሲካ የምትደርሱ ደግሞ አክፋያችሁን አትርሱ። እናት ወይም አባት የተቀበሩበት መቃብር እዚያ ከተማ ከሆነ ካህን ጠርታችሁ ፍትሐቱን ሁለታችሁም ባላችሁበት አድርሱ፤ በዚያ ዓመት አንድ ላይ ያልቆማችሁበት ቦታ ነውና። ዓርብ ማታ ከሥራ ወጥቶ የሚነዳ ሰው ብቻውን አይንዳ፤ እንቅልፍ ይጥላል፣ ተለዋጭ ሹፌር ያዙ። ቨርጂኒያ ስትገቡ ደውሉላት፣ ቡናውን ታፈላለች።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።